የጨርቅ ልክ፦ ክንድ፣ ያርድና ሜትር ሲቀያየሩ

ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የሚያሠራ ደንበኛ «ስድስት ክንድ ይሁንልኝ» ብሎ ቀብድ ከፍሎ ይሄዳል። ሸማኔው ድሩን የሚያደራው በሜትር አስቦ ነው። ቀሚሱን የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ደግሞ ወገቡን በሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱን በኢንች ይለካል። ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ መንገድ ዳር ያለ ባለሱቅ በያርድ የተጠቀለለ ጨርቅ ተረክቦ በሜትር እየቆረጠ ሊሸጥ ይችላል። አንድ ጨርቅ ከፈትሉ ተነሥቶ ለባሹ ዘንድ እስኪደርስ በሦስት በአራት ዓይነት ልክ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ትጎድላለች ወይም ትጨመራለች። ስድስት ክንድ ላይ ብቻ ልዩነቱ ከአንድ ስንዝር ሊያልፍ ይችላል። ነጠላ ለለበሰ ሰው አንድ ስንዝር ቀላል አይደለም፤ ትከሻ ላይ ደርቦ የሚወርደውንና ደረት ላይ የሚያልቀውን የሚለየው እሱ ነው።

ችግሩ ከማባዛትና ከማካፈል አይመጣም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ያባዛል። የሚያሳስተው ክንድን እንደ ሜትር ያለ የተቆረጠ ቁጥር አድርጎ መያዝ ነው። ሜትርና ያርድ በሕግ የተወሰኑ ናቸው። ክንድ ግን የለካው ሰው ክንድ ነው። ስለዚህ ካልኩሌተር ከመውጣቱ በፊት የሚጠየቀው «ስንት ክንድ?» ብቻ ሳይሆን «የማን ክንድ? እንዴት ተለካ?» ነው።

ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋት፣ ጣት

ክንድ ከክርን አንሥቶ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ድረስ ያለው ርዝመት ነው። ስንዝር እጅ ተዘርግቶ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ነው። ጋት አውራ ጣት ሳይቆጠር አራቱ ጣቶች ጎን ለጎን ሲገጠሙ የሚይዙት ስፋት ነው። በጥንቱ ስሌት አንድ ክንድ 2 ስንዝር፣ 6 ጋት ወይም 24 ጣት ይሆናል። ክንዱ 45 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስንዝሩ 22.5፣ ጋቱ 7.5፣ ጣቱ ደግሞ ወደ 1.9 ሴንቲ ሜትር ይወጣል።

ይህ የስሌት ዝምድና ነው እንጂ የእያንዳንዱ ሰው አካል ዝምድና አይደለም። የራስዎን እጅ በሜትር ይለኩ፤ የብዙ ሰው ስንዝር ሲደገም ክንዱን ሙሉ በሙሉ አይሞላም፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ጨርቁን በስንዝር ለክቶ «አሥራ ሁለት ስንዝር ነው፣ ስድስት ክንድ ማለት ነው» ካለ፣ በክንድ ከሚለካው ያነሰ ጨርቅ ነው የያዘው። በክንድ የታዘዘ በክንድ፣ በስንዝር የታዘዘ በስንዝር ይለካ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ካስፈለገ ሁለቱም ለየብቻ ወደ ሴንቲ ሜትር ተለውጠው ይነጻጸሩ።

የአዋቂ ሰው ክንድ በአብዛኛው በ43 እና በ52 ሴንቲ ሜትር መካከል ይወድቃል። ሁለት ክንድን አንድ ሜትር ብሎ መቁጠር ለአፍ ይቀናል፤ ግን 50 ሴንቲ ሜትር ክንድ የረጅም ሰው ክንድ ነው። በ50 ታስቦ በ45 የሚለካ ስድስት ክንድ 3 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 2 ሜትር ከ70 ይሆናል። ገዥ ባለ ረጅም ክንድ ዘመዱን አስከትሎ ገበያ ቢወጣ፣ ሻጭም በራሴ ክንድ ካልሆነ ቢል፣ ሁለቱም ሒሳቡን አውቀውታል።

የገበያ ክንድ ከባዶ ክንድ ይለያል

ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ቢለኩትና 47 ሴንቲ ሜትር ቢያገኙ፣ በዚያ ክንድ የሚለካው ጨርቅ ግን በክንድ 47 አይወጣም። ምክንያቱን ለማየት ለኪውን ቀርበው ይመልከቱ። የጨርቁን ጫፍ ክርኑ ላይ ይይዛል፤ ጨርቁን ወደ መሃል ጣቱ ጫፍ ይስባል፤ የደረሰበትን ቦታ በሌላኛው እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቆንጥጦ ወደ ክርኑ ይመልሰዋል። ያ ቁንጥጫ ስፋት አለው። የአንዱ ሰው ቁንጥጫ ከጣቱ ጫፍ ያልፋል፣ የሌላው ከጫፉ በፊት ይቀራል። በእያንዳንዱ ክንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትጨመር በ20 ክንድ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ገደማ ትሆናለች። በዚያ ላይ ለኪው ጨርቁን ወጥሮ ከሳበው በእጅ የተፈተለና የላላ ሽመና ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ተመልሶ ያጥራል።

ስለዚህ የሚፈለገው የባዶው ክንድ ልክ ሳይሆን ያ ሰው ሲለካ የሚሰጠው ክንድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨርቁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሳይወጠር ይዘርጋና መነሻው ላይ በክር ምልክት ይደረግበት። ለኪው እንደ ልማዱ 10 ክንድ ይለካና መጨረሻው ላይ ሌላ ክር ይታሰርበት። ጨርቁ እንደገና ሳይወጠር ተዘርግቶ በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ርዝመት በሜትር ይለካና ለ10 ይካፈል። 4 ሜትር ከ83 ከወጣ የዚያ ሰው ክንድ 48.3 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ክንድ ብቻ ለክቶ ቁጥሩን መያዝ አይመከርም፤ የአንድ ሴንቲ ሜትር የአለካክ ስህተት በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ተባዝታ ትመጣለች፤ አሥር ክንድ ተለክቶ ሲካፈል ግን ያችው ስህተት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ትሆናለች። ሙከራው ይደገም፤ ሁለቱ ውጤቶች በ10 ክንድ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ ለኪው ጨርቁን አንድ ጊዜ እየወጠረ አንድ ጊዜ እያላላ ነው።

የተገኘው ቁጥር ሸማኔው ዘንድ ግድግዳ ላይ ቢጻፍ ይጠቅማል። ከዚያ ወዲያ «ስድስት ክንድ» ሲባል 6 × 48.3 = 289.8፣ ማለትም 2 ሜትር ከ90 መሆኑን ደንበኛው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ካልበቃው ያኔውኑ ሰባት ይላል።

«ከስንዝር» እና «ከጋት»፦ አንድ አነጋገር፣ ሁለት ሒሳብ

«አምስት ክንድ ከስንዝር» ሲባል አምስት ክንድና አንድ ስንዝር፣ ማለትም አምስት ክንድ ተኩል ነው። ካልኩሌተር ላይ 5.1 ብሎ የሚጽፍ ሰው ግማሽ ክንድ ሊጠጋ ጥቂት የቀረው ጨርቅ ያጠፋል። «አምስት ክንድ ከጋት» ደግሞ አምስት ከአንድ ስድስተኛ፣ በአሥርዮሽ 5.17 ገደማ ነው።

የድሮ ጽሑፍ ሲነበብ ግን ሌላ መንገድ አለ። ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆኑትን ሁለት ቦታዎች እንውሰድ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 የጎልያድ ቁመት ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው። እዚህ ስንዝሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይደመራል፤ ክንዱ 45 ከሆነ 270 ሲደመር 22.5፣ 292.5 ሴንቲ ሜትር። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 40 ያለው የመለኪያ ዘንግ ግን ስድስት ክንድ ሆኖ እያንዳንዱ ክንድ ራሱ ክንድ ከጋት ነው። ስለዚህ ጋቱ ስድስት ጊዜ ይገባል፤ አንዱ ክንድ 45 ሲደመር 7.5፣ 52.5 ይሆንና ዘንጉ 315 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ጋቱን አንድ ጊዜ ብቻ የደመረ ሰው 277.5 ያገኛል፤ ልዩነቱ 37.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ሰባት ጋት ያለው ረጅም ክንድ በጥንታዊ ግብፅ የነገሥታቱ ክንድ ከነበረው ጋር ይጠጋል፤ እሱም 7 ጋት ወይም 28 ጣት ሆኖ ወደ 52.4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሁለት ክንድ፣ አጭርና ረጅም፣ ጎን ለጎን መኖራቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በድሮ ዝርዝር ላይ «ክንድ ከጋት» የሚል ካጋጠመ፣ ጋቱ በድምሩ መጨረሻ ላይ የተጨመረ ነው ወይስ የክንዱ ዓይነት ነው ብሎ መለየት ከማባዛት በፊት ይመጣል።

የክንዱ ምርጫ በርዝመት ላይ ከሚያመጣው ለውጥ ይልቅ በጨርቁ ጠቅላላ ስፍራ ላይ የሚያመጣው ይበልጣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 26 የማደሪያው መጋረጃዎች አሥር ናቸው፤ እያንዳንዱ ርዝመቱ 28፣ ወርዱ 4 ክንድ ነው። በ45 ሴንቲ ሜትር ሲሰላ አንዱ መጋረጃ 12 ሜትር ከ60 በ1 ሜትር ከ80 ይሆናል። በ50 ሲሰላ 14 በ2 ሜትር ነው። ርዝመቱ ላይ ልዩነቱ ከመቶ 11 ገደማ ነው፤ ስፍራው ግን ከ22.68 ወደ 28 ካሬ ሜትር ያድጋል፣ ከመቶ 23 በላይ። ርዝመቱም ወርዱም በክንድ ከተሰጠ ስህተቷ ሁለት ጊዜ ትገባለች። ለቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሚያሠራ ሰው ርዝመቱንም ወርዱንም በክንድ ተናግሮ ጨርቁን በካሬ ሜትር ሲያስገምት ገንዘቡ የሚያጥረው በዚህ ነው።

ያርድ፣ ኢንችና የሩብ ነገር

ያርድ ዛሬ በትክክል 91.44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 36 ኢንች፣ አንዱ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር። ይህን ቁጥር ብሪታንያና አሜሪካን ጨምሮ ስድስት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1959 ተስማምተው ወስነውታል። ከዚያ በፊት በአገሮቹ ያርድ መካከል የነበረው ልዩነት በጨርቅ ላይ የማይታይ ነው፤ የድሮ የያርድ ቁጥር ያለ ሥጋት በ0.9144 ሊባዛ ይችላል።

ካልኩሌተር ከሌለ ሁለት ዝምድናዎች ይያዙ። 12 ያርድ ወደ 11 ሜትር ነው፤ በትክክል ሲሰላ ከ11 ሜትር 2.7 ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ለብዙ ጨርቅ ደግሞ 35 ያርድ 32 ሜትር ነው፤ የሚያልፈው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለጥቅል ሒሳብ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ያርድ የሚከፈለው በአሥር ሳይሆን በሩብና በኢንች ነው። ሩብ ያርድ 9 ኢንች ወይም 22.86 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከስንዝር ጋር እንዴት እንደሚጠጋ ልብ ይሏል። በድሮው የእንግሊዝ የጨርቅ ልክ ሩቡ እንደገና ለአራት ይከፈልና «ኔል» ይባላል፤ 2 ኢንች ከሩብ፣ 5.715 ሴንቲ ሜትር። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ግን ነጥቧ ናት። «2 ያርድ ከ6 ኢንች» 78 ኢንች፣ ማለትም 198 ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ 2.6 ያርድ ብሎ የጻፈ ሰው ወደ 238 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። አርባ ሴንቲ ሜትር ሙሉ እጅጌ ያወጣል። ስለዚህ ያርድና ኢንች አብረው ከመጡ መጀመሪያ ሁሉም ወደ ኢንች ይለወጥ፣ ከዚያ በ2.54 ይባዛ።

ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ሜትርም መፈተሽ አለበት። በአንድ ጎኑ 150 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 60 ኢንች ተብሎ ይታተማል፤ ግን 60 ኢንች 152.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ጫፍ ላይ የሚያልቁበት ሜትር ከሆነ አንዱ ጎኑ ውሸት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ 10 ኢንች ከ25.4 ጋር፣ 50 ኢንች ከ127 ሴንቲ ሜትር ጋር መግጠም አለበት። ያረጀ ሜትር ደግሞ ይለጠጣል፤ በብረት ወይም በእንጨት ሜትር ላይ አጋድሞ ማየት ነው። የተለጠጠ ሜትር ጨርቁን ከእውነተኛው ያሳንሰዋል፤ 3 ሜትር ብሎ የሚቆርጠው ከ3 ሜትር ይበልጣል፣ ለባለሱቁም ኪሳራ ነው።

ጣቃ ልክ አይደለም

አቡጀዲ በጣቃ ይገዛል። ጣቃ ግን ጥቅል ነው፤ ርዝመቱ ፋብሪካው የጠቀለለው ያህል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይመጣ የነበረው ያልነጣው የአሜሪካ ጨርቅ በ30 ያርድ ጥቅል ይቆጠር ነበር፤ 27 ሜትር ከ43። በዛንዚባር በኩል በሚሄደው ንግድ የክንድ ልክ ግማሽ ያርድ፣ ማለትም 18 ኢንች ወይም 45.72 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ አራት ክንድ አንድ ሹካ፣ ሁለት ሹካ አንድ ዶቲ ይባል ነበር። በዚህ ሒሳብ አንድ ጥቅል 60 ክንድ ይወጣዋል። ያንኑ ጥቅል 50 ሴንቲ ሜትር ክንድ ያለው ሰው ቢቸረችረው 55 ክንድ እንኳ አይሞላለትም። በያርድ ገዝቶ በክንድ ለሚሸጥ ነጋዴ ትርፉና ኪሳራው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬም ጥቅል ሲገዛ ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር ያርድ መሆኑ ወይም ሜትር መሆኑ ይታይ። «30» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ልዩነቱ 2 ሜትር ከ57 ነው። ከጥቅሉ ላይ የመጀመሪያዎቹ አምስት እጥፎች ተለክተው፣ እጥፎቹ ተቆጥረው ቢባዙ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ እጥፉ ወደ 91 የሚጠጋ ከሆነ ያርድ ነው፣ ወደ 100 ከሆነ ሜትር። በካርቶን ዘንግ ላይ የተጠቀለለውን ግን ዘርግቶ ከመለካት ሌላ መንገድ የለም።

ዋጋ በተቃራኒው ይሄዳል

ርዝመትን ከያርድ ወደ ሜትር ሲለውጡ በ0.9144 ያባዛሉ። ዋጋን ሲለውጡ ግን በ0.9144 ያካፍላሉ፤ ሜትር ከያርድ ስለሚረዝም የአንዱ ሜትር ዋጋ ከአንዱ ያርድ ዋጋ መብለጥ አለበት። ያርዱን በ200 ብር የተረከበ ባለሱቅ መነሻው ሜትሩ በ218 ብር ከ72 ሳንቲም ነው። ቸኩሎ ያባዛ ሰው 182 ብር ከ88 ያገኛል፤ በዚያ ዋጋ የ30 ያርድ ጥቅል ቢጨርስ ትርፉ ቀርቶ ከገዛበት ወደ 983 ብር ይከስራል። በክንድም እንዲሁ ነው፦ ክንዱ 90 ብር የተባለ ሸማ፣ ክንዱ 48.3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሜትሩ 90 ÷ 0.483፣ ማለትም ወደ 186 ብር ነው። ማባዛቱ ወይስ ማካፈሉ ሲያጠራጥር፣ መለኪያው ከረዘመ ቁጥሩ ያንሳል ዋጋው ይጨምራል የሚለው ይታሰብ።

ከባሕር ማዶ የመጡት መለኪያዎች

የድሮ የንግድ ደብዳቤ፣ የተጓዥ ማስታወሻ ወይም የቤተ መዘክር ዕቃ ዝርዝር የሚያነብ ሰው የአገሩ ያልሆኑ ልኮች ያጋጥሙታል። ብዙዎቹ በአማርኛ «ክንድ» ተብለው ስለሚተረጎሙ ሁሉም 45 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ይመስላሉ። አይደሉም። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን ሲመጡ በአገራቸው ጨርቅ የሚለካው በኮቫዶና በቫራ ነበር፤ ኮቫዶ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ቫራ 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምፅዋ ለረጅም ጊዜ በኦቶማን ቱርኮች፣ ሐረርም እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 በግብፆች እጅ ነበሩ፤ ስለዚህ የእነዚያን ከተሞች ንግድ የሚያወሱ ጽሑፎች ላይ የቱርክና የግብፅ ክንድ ቢገኝ አይገርምም። የቱርክ የገበያ አርሺን ወደ 68 ሴንቲ ሜትር፣ የግብፅ የአገር ድራዕ ደግሞ 58 ሴንቲ ሜትር ነበር። የሩሲያው አርሺን ስሙ አንድ ሆኖ 71.12 ነው።

የአውሮፓው «ኤል» ከሁሉም ይበልጥ ያምታታል፤ አንድ ስም በየከተማው ሌላ ርዝመት ነበረው። መያዣው ከላይ ያየነው ሩብ ያርድ ነው። የፍላንደርስ ኤል 3 ሩብ ነው፣ 27 ኢንች ወይም 68.58 ሴንቲ ሜትር። የእንግሊዝ ኤል 5 ሩብ ነው፣ 45 ኢንች ወይም 114.3 ሴንቲ ሜትር፤ እኛ «ያርድ ከሩብ» የምንለው ማለት ነው። እንግሊዞች በራሳቸው ሰንጠረዥ «የፈረንሳይ ኤል» የሚሉት 6 ሩብ፣ 137.16 ሴንቲ ሜትር ነበር። የፓሪስ ነጋዴ ግን ጨርቁን የሚለካው 118.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነው በራሱ ኦን ነበር። ስለዚህ «አሥር ኤል ሐር» የሚል ዝርዝር እንደ ምንጩ ከ6 ሜትር ከ86 እስከ 13 ሜትር ከ72 ሊሆን ይችላል። ከተማው ካልታወቀ ወደ ሜትር አለመለወጥ ይሻላል፤ የተሳሳተ ሜትር አንዴ ከተጻፈ በኋላ የሚያርመው የለም።

ዓመቱም ለውጥ አለው። ፈረንሳይ ሜትርን እ.ኤ.አ. በ1795 በሕግ ብታውጅም ሕዝቡ ስላልተቀበለው በ1812 ኦንን መልሳ ፈቀደች፤ ግን ልኩን ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ድፍን አድርጋ ነው። ከ1840 ጀምሮ ሜትር ብቻ ሆነ። ስለዚህ የ1780 ኦንና የ1820 ኦን እኩል አይደሉም፤ በ100 ኦን ላይ ልዩነቱ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል።

ጭማሪም አለ። በእንግሊዝ የጨርቅ ንግድ በየያርዱ አንድ አውራ ጣት፣ ማለትም አንድ ኢንች ለገዥ የሚጨመርበት ልማድ ነበር። 20 ያርድ ተብሎ የተጻፈ ጨርቅ በዚህ ልማድ ከተለካ 20 ኢንች ወይም 50.8 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሽሮ ሜዳ ላይም ሆነ መርካቶ ምርቃት የሚጠይቅ ገዥ ይህን ያውቀዋል፤ የተጻፈው ቁጥርና የተሰጠው ጨርቅ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም።

ወደ ሜትር ከተለወጠ በኋላም ሒሳቡ አያልቅም

ቁጥሩ በትክክል ተለውጦ ጨርቁ ሊያጥር ይችላል። አንደኛው ምክንያት ወርድ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ «ስድስት ያርድ ያስፈልጋል» ሲል ወርዱ 36 ኢንች የሆነ ጨርቅ አስቦ ሊሆን ይችላል። ያ 5 ሜትር ከ49 በ91 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ 5 ካሬ ሜትር ነው። ገዥው 150 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጨርቅ ካገኘ በስፍራ ሒሳብ 3 ሜትር ከ35 ይበቃዋል። ነገር ግን የስፍራ ሒሳብ ትንሹን ብቻ ነው የሚነግረው፤ የቀሚሱ ቁራጮች በወርዱ ላይ ጎን ለጎን ካልገጠሙ ወይም ጥለቱ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ካለ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ቁራጮቹን ወለል ላይ በወርዱ ልክ ደርድሮ ማየት ከማንኛውም ቀመር ይበልጣል።

ሁለተኛው የሸማኔው ዕቃ ላይ ያለ ርዝመትና ከዕቃው የወረደ ርዝመት አንድ አለመሆናቸው ነው። ድሩ ተወጥሮ ሲሸመን ከማጉ በላይና በታች እየታጠፈ ስለሚሄድ ያጥራል፤ ሸማው ተቆርጦ ሲወርድ ደግሞ ውጥረቱ ይለቃል። የጫፍ ዘርፍና ሳይሸመን የሚቀር ድርም አለ። ደንበኛው 2 ሜትር ከ90 ሸማ ከፈለገ፣ የሸማኔው ድር በሽመና ከመቶ 8 የሚያጥር ከሆነ ድሩ 2.90 ÷ 0.92፣ ማለትም 3 ሜትር ከ15 ይሆናል፤ ለዘርፍና ለቅሪት የሚሆነው ከዚያ በላይ ነው። ከመቶ ስንት እንደሚያጥር በፈትሉ ውፍረትና በአመታቱ ጥብቀት ይለያያል፤ ሸማኔው ካለፈው ሥራ የድሩንና የወረደውን ሸማ ርዝመት አካፍሎ የራሱን ቁጥር ማግኘት ይችላል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ማለትም ያጥራል፤ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ጥግ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በባለ ቀለም ክር ይሰፋበትና ወደፊት በሚታጠብበት ውሃ ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ሳይወጠር ደርቆ ይለካ። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ላይሸበሸቡ ስለሚችሉ ሁለቱም ለየብቻ ይመዝገቡ። 50 የነበረው 45 ከሆነ ከመቶ 10 ጠፍቷል። ከታጠበ በኋላ 3 ሜትር እንዲቀር የሚፈልግ ሰው 3 ÷ 0.90፣ ማለትም 3 ሜትር ከ34 ይግዛ። በሦስቱ ላይ ከመቶ አሥር ደምሮ 3 ሜትር ከ30 የገዛ ሰው ሲታጠብበት 2 ሜትር ከ97 ይቀረዋል፤ የሸበሸበው ከሦስቱ ሳይሆን ከገዛው ላይ ነውና።

ድፍን ማድረግ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። 48.3ን መጀመሪያ ወደ 50 አጠጋግቶ በ20 ክንድ ያባዛ ሰው 34 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ መጀመሪያ አባዝቶ 966 ሴንቲ ሜትርን 9 ሜትር ከ65 ያለው ግን የሚስተው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። በተቃራኒው ደግሞ በክንድ የተለካን ጨርቅ «2.898 ሜትር» ብሎ እስከ ሚሊ ሜትር መጻፍ ክንድ የሌለውን ጥራት መስጠት ነው፤ 2 ሜትር ከ90 ይበቃል።

በትእዛዝ ወረቀት ላይም ሆነ በዕቃ ዝርዝር ላይ ሦስቱ አብረው ይጻፉ፦ የተነገረው ልክ እንደተነገረ፣ የተባዛበት ቁጥር፣ የወጣው ሜትር። ለምሳሌ «6 ክንድ፣ ክንዱ 48.3፣ 2 ሜትር ከ90፣ ከዘርፍ ውጭ፣ ሳይታጠብ»። ክርክር ሲነሣ ከሦስቱ የትኛው ላይ እንደተሳሳተ ወረቀቱ ራሱ ያሳያል፤ የክንዱ ቁጥር ተሳስቶ ከተገኘም የመጀመሪያው ልክ ስላልጠፋ እንደገና ማስላት ይቻላል።